የሚሰበረውን መምረጥ፦ በሬዲዮ የሚመራ አንድ መኪና ስለ ማሻሻል ያስተማረኝ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



በቅድሚያ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ስላለው ነገር ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ንግግር እንዳቀርብ በተጋበዝኩ ጊዜ አዘጋጆቹ የጠበቁት ስለ ሙቀት ሽግግር፣ ማለትም ሃያ ዓመት ስላስተማርኩት የሙያ ዘርፍ፣ እንድናገር ነበር። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት የልጆች መጫወቻ የሚመስል፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ተኩል የሆነ፣ አራት ትልልቅ ጎማዎች ያሉት፣ በባትሪ የሚሠራና በሬዲዮ የሚመራ መኪና ነው። በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ሞንስተር ትራክ ይባላል። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ከቤተ ሙከራ ያውቁታል፤ አንዳንዶቹም ሲጠግኑት አምሽተዋል። ዛሬ የምናገረው ይህን መኪና ስለ ማሻሻል ነው። በዚያው መንገድ ላይ በአንድ ተማሪዬ ላይ ስለ ፈጸምኩት የፍርድ ስሕተትም እገልጻለሁ። ስሕተቱን የፈጸምኩት በክፍል ውስጥ፣ በሰዎች ፊት ስለ ነበር፣ እርማቱም በሰዎች ፊት ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መኪናው እጄ የገባው ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ ጎረቤቴ በጥቂት ገንዘብ ሸጠልኝ። ለልጆቼ ይሆናል ብዬ በሻንጣ ይዤው መጣሁ። ልጆቼ አንድ ክረምት ተጫወቱበት፤ ከዚያ በኋላ አደጉ። በ2009 ዓ.ም. ከቁም ሣጥን አውጥቼ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰድኩት። ምክንያቴ ቀላል ነበር። ተማሪዎቻችን ስለ ሞተር፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ንዝረት በተለያዩ ኮርሶች ይማራሉ። አራቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ሲገፋ የሚያዩበት አጋጣሚ ግን ጥቂት ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን መኪና ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያሳያል፤ ቢሰበርም ሰው አይጎዳም፣ የመንግሥት ንብረትም አይጠፋም ብዬ አሰብኩ።

ስለ መኪናው ዘር ጥቂት ልበል። ታላቅ ወንድሙ፣ ሰው የሚነዳው ሞንስተር ትራክ፣ የተወለደው በስብራት ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ አካባቢ ይኖር የነበረው ቦብ ቻንድለር እ.ኤ.አ. የ1974 ሥሪት የሆነ ፎርድ ኤፍ 250 ነበረው። መኪናውን ከአስፋልት ውጭ በኃይል ይነዳው ስለ ነበር ዕቃው ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። በተሰበረው ፈንታ የበለጠ ጠንካራ ይገጥማል፤ ጎማውንም ያሳድጋል። ጎማው ሲያድግ የነበረው አክስል አይችለውም፤ ስለዚህ ከከባድ ወታደራዊ ተሽከርካሪ የተወሰደ አክስል ይተካል። አክስሉ ሲከብድ ሞተሩ ያንሳል፤ ሞተሩ ሲጎለብት ደግሞ ሌላው ይሰበራል። መኪናው ቢግፉት የሚለውን ስም ያገኘው ነዳጅ መስጫው ላይ ከሚከብደው ከባለቤቱ እግር እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1981 ቻንድለር በአንድ የእርሻ ሜዳ ላይ በአሮጌ መኪናዎች ጀርባ ላይ ሲወጣበት ትርኢቱ ተጀመረ። ዛሬ የእነዚህ መኪናዎች ጎማ ቁመት 66 ኢንች፣ ማለትም 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከብዙዎቻችን ቁመት ጋር የሚስተካከል ማለት ነው።

ትንንሾቹ ወዲያው ተከተሉ። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ክሎድ በስተር የተባለውን፣ ከእውነተኛው አንድ አሥረኛ የሚሆን ሞዴል ለገበያ አቀረበ። ሁለት ሞተር ነበረው፤ አንዱ በፊተኛው አክስል፣ ሌላው በኋለኛው አክስል ላይ ተቀምጠው አራቱንም ጎማዎች ይነዳሉ። አራቱም ጎማዎች በመሪ ይታጠፋሉ። ገዢዎቹ በሣጥኑ ውስጥ ባለው ሳይረኩ መሪውን፣ ሻንሲውንና ሞተሮቹን መለወጥ ጀመሩ። ማሻሻል የመዝናኛው አካል ሳይሆን ራሱ መዝናኛው ሆነ።

አሁን ወደ እኛው መኪና እንመለስ። ውስጡ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ የምትሰሟቸው ስሞች ሁሉ አሉበት። ከባትሪው የሚወጣው ኃይል በኤሌክትሮኒክ የፍጥነት መቆጣጠሪያ በኩል ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በሞተሩ ዘንግ ላይ ትንሽ የብረት ጥርስ አለ፤ እርሱ ከፕላስቲክ የተሠራ ትልቅ ጥርስ ያዞራል። በትልቁ ጥርስ ላይ በሞላ የሚጫን ትንሽ ፍሪሲዮን አለ፤ ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ ይንሸራተታል። ከዚያ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ሴሚያሶቹ፣ ቸርኬውና ጎማው ይከተላሉ። ጉልበት በዚህ ቅደም ተከተል ከባትሪ ወደ መሬት ይወርዳል። ምት ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከመሬት ወደ ሞተር ይወጣል። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ እኔ ለሁለት ዓመት የረሳኋት እርሷን ነው።

የመጀመሪያው ማሻሻያችን ሁሉም ሰው የሚጀምርበት ነበር። አሮጌው ሞተር ካርቦን ያለው ነበር፤ ካርቦኑ እየተፋተገ ያልቃል፣ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ይሞቃል። በካርቦን አልባ ሞተር ተካነው። የእነዚህ ሞተሮች መለያ በአንድ ቮልት ስንት ዙር በደቂቃ እንደሚዞሩ የሚናገር ቁጥር ነው፤ የእኛው 3,500 ነበር። ሁለት ሕዋስ ያለው የሊትየም ፖሊመር ባትሪ 7.4 ቮልት ይሰጣል፤ ይህም ያለ ጭነት 25,900 ዙር በደቂቃ ማለት ነው። ሦስት ሕዋስ ያለው 11.1 ቮልት ስለሆነ ዙሩን ወደ 38,850 ያደርሰዋል። ጠቅላላው የጥርስ ማባዣ 16 ለ1፣ የጎማው ስፋት ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በወረቀት ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ37 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ተማሪዎቹ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያዩ አጨበጨቡ።

እኔ ሌላ ስሌት እንዲሠሩ ጠየቅኋቸው። ፍጥነት በአንድ ተኩል ሲባዛ የእንቅስቃሴ ጉልበት በሁለት ከሩብ ይባዛል። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ከግድግዳ ቢጋጭ፣ ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ከሆነ ስምንት ሜትር ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሆነ ከአሥራ አራት ሜትር ይበልጣል። መጀመሪያ የተሠራው ከአንደኛ ፎቅ ወድቆ እንዲነሣ ነበር እንበል፤ ፍጥነቱን እጥፍ በማድረግ ብቻ ከአራተኛ ፎቅ ወረወርነው። ጎማውም እንዲሁ ነው። ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል በዙር ፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ ለስላሳው ጎማ በከፍተኛ ዙር እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ከቸርኬው ጋር የተያያዘበት ማጣበቂያም ይለቃል።

ሁለተኛው ማሻሻያ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ማሻሻያ መሆኑን አላወቅንም። ለመልኩ ብለን ጎማውን ከ12 ወደ 15 ሳንቲ ሜትር አሳደግነው። አምሮበት ነበር። ነገር ግን ጎማ የመጨረሻው ጥርስ ነው። ስፋቱ በሩብ ሲጨምር አንድን ዳገት ለመውጣት ሞተሩ የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ጉልበት በሩብ ይጨምራል፤ ኤሌክትሪኩም በሩብ ይጨምራል። በመዳብ ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በኤሌክትሪኩ ካሬ ስለሚያድግ 56 በመቶ ይጨምራል። በቤተ ሙከራችን ጀርባ ያለውን ዳገት አምስት ጊዜ ከወጣን በኋላ የሞተሩ ሽፋን ሙቀት ቀድሞ 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው 94 ደረሰ። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ በላይ ኃይሉን ማጣት ሊጀምር ይችላል፤ ያጣውንም ሲቀዘቅዝ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። መፍትሔው ርካሽ ነበር። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ትንሽ ጥርስ ከ16 ወደ 13 አወረድነው። ይህ ጎማው የጨመረውን ሸክም ያህል ቀነሰልን፤ ሙቀቱም ወደ 71 ዲግሪ ወረደ።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር እዚህ ሲመጣ ጉልበት ይቀንሳል፤ የሚተነፍሰው አየር ስሶበታልና። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ጉልበቱ አይቀንስም። ተማሪዎቻችን በዚህ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ሙቀቱን የሚያስወግድለት ያው የሳሳ አየር ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች በመመሪያ ወረቀት ላይ የጻፉት የጥርስ ምርጫ እዚህ ዳገት ላይ ያለ ምርመራ የሚሠራ አይደለም። ጉልበቱ ሳይቀንስ ማቀዝቀዣው የሚቀንስበት ሁኔታ የበለጠ ያሳስታል፤ መኪናው ደህና ነው እያለን ውስጡ ይቃጠላልና።

እስከዚህ ድረስ በሙያዬ ውስጥ ነበርኩ፤ ደህናም ነበርኩ። ስሕተቴ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት ለአምስት ተማሪዎች ቡድን የመመረቂያ ሥራ ሰጠሁ። መኪናው ከ60 ሳንቲ ሜትር መዝለያ ላይ ደጋግሞ እንዲዘልና ሳይሰበር እንዲመለስ ማድረግ ነበር። ቡድኑ በቀላሉ ሊቀየሩ የሚገባቸውን ቀየረ። የቦኮላዎቹን ቦታ ኩሽኔታ ተካ፤ በአሞርዛቶሮቹ ውስጥ ወፍራም ዘይት ጨመረ፤ በመሪው ላይ ጠንካራ ሰርቮ ገጠመ። ቀጥሎ ስለ ትልቁ የፕላስቲክ ጥርስና ስለ ፍሪሲዮኑ ክርክር ተነሣ። እኔ ጥርሱ በብረት እንዲተካ፣ ፍሪሲዮኑም እስከ መጨረሻው እንዲጠብቅ አዘዝኩ። ምክንያቴ ለእኔ ግልጽ ነበር። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ጉልበትን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ኪሳራ ነው፤ የፕላስቲክ ጥርስ ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለ ደካማ ቦታ ነው። የሞተሩን ከፍተኛ የመጠምዘዝ ጉልበት አሰላሁ፤ የብረቱ ጥርስ ያንን ሦስት እጥፍ እንደሚችል በሰሌዳው ላይ አሳየሁ።

አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ አባቱ ጋራዥ እንዳላቸው በኋላ ነው የሰማሁት። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥርሱ ፕላስቲክ ሆኖ ቢቀር ይሻላል» አለ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «አንድ ነገር መሰበሩ ካልቀረ እርሱ ቢሰበር ይሻላል» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም፣ መናገር ያሳፍረኛል፣ አብሬ ሳቅኩ። ከዚያም፣ «መሐንዲስ ሥራውን የሚጀምረው ይሰበራል ብሎ አይደለም» አልኩት። ተማሪው አንገቱን ደፋ። በግል ሪፖርቱ ላይ ግን ሐሳቡን አልተወም፤ ስምንት ገጽ ጽፎ አቀረበ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች አንብቤ፣ የተሰጠውን የንድፍ መመሪያ አልተከተለም በሚል ሲ ሰጠሁት። የቀሩትን ስድስት ገጾች አላነበብኩም።

በማቅረቢያው ቀን መኪናው ሁለት ጊዜ አምሮበት ዘለለ። በሦስተኛው ሲያርፍ እንደ ደረቅ እንጨት ያለ ድምፅ ተሰማ። የብረቱ ጥርስ አንድም ጭረት አልነበረውም። የተሰነጠቀው የካምቢዮው ቤት ነበር፤ ከላይ እስከ ታች። አብሮት የካምቢዮው ዘንግ ተጣመመ። እኔ ነጂው በአየር ላይ ነዳጅ መስጫውን አልለቀቀም ብዬ አለፍኩት። የተሰበረው ቤት ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ እስኪደርስልን አራት ወር ጠበቅን። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን፣ ሌላ ነጂ፣ ያው የብረት ጥርስ፤ ያው ቤት በዚያው መስመር ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ስንጥቅ የነጂው ጥፋት ነው ለማለት አልቻልኩም። በዚያ ምሽት የልጁን ሪፖርት ከመደርደሪያ አውጥቼ ሦስተኛውን ገጽ ገለጥኩ።

በገጹ ላይ የነበረው ስሌት እኔ ልሠራው የሚገባኝ ነበር። እኔ ያሰላሁት ሞተሩ ጎማውን የሚገፋበትን ጉልበት ነው። እርሱ ያሰላው መኪናው ሲያርፍ መሬት ሞተሩን የሚያስቆምበትን ጉልበት ነው። በአየር ላይ ጎማው ያለ ጭነት ይፈጥናል፤ መሬት ሲነካ በቅጽበት ወደ መኪናው ፍጥነት መውረድ አለበት። ጎማው ብቻውን አይደለም፤ ከበስተጀርባው በደቂቃ ከሠላሳ ሺህ በላይ የሚዞር የሞተር ሮተር አለ። የሮተሩ ኢነርሺያ ከጎማው በኩል ሲታይ በጥርስ ማባዣው ካሬ ይበዛል። ማባዣው 16 ከሆነ 256 እጥፍ ማለት ነው። በመዳፍ የሚያዝ ሮተር ከጎማው በኩል እንደ ትልቅ የወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል። ያ ሁሉ በአንድ ቅጽበት በአንድ ጥርስ ላይ ያርፋል። ፍሪሲዮኑ ልቅ ቢሆን ይንሸራተትና ምቱን በጊዜ ይዘረጋዋል። ፍሪሲዮኑ ቢታሰር ጥርሱ ይቆረጣል። ጥርሱም ብረት ቢሆን፣ ከብረቱ ቀጥሎ ያለው ደካማ ነገር ይሰበራል፤ እርሱም የካምቢዮው ቤት ነው። እኔ ኪሳራ ያልኩት መንሸራተት የመኪናው መከላከያ ነበር።

በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ነበር። ሦስት ዓምዶች ብቻ አሉት፦ ምን ይሰበራል፣ ከየት ይገኛል፣ ለመለወጥ ስንት ጊዜ ይፈጃል። በመጀመሪያው መስመር የፕላስቲኩ ጥርስ አለ፤ በወርክሾፓችን ከናይለን ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል፣ ለመለወጥ ሃያ ደቂቃ። በመጨረሻው መስመር የካምቢዮው ቤት አለ፤ አገር ውስጥ የለም፣ ጊዜው አይታወቅም። ይህ ሠንጠረዥ ከስሌቱ በላይ ነካኝ። ስሌቱ ያመለጠኝ በችኮላ ነው። ሠንጠረዡ ግን ያመለጠኝ ጥያቄውን ራሱን ጠይቄው ስለማላውቅ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ፍሬ ነገር ይህ ነው። አንድን ክፍል ማጠንከር ጭነቱን አያጠፋውም፤ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይገፋዋል። ስለዚህ ማሻሻል ማለት ጭነቱ የት እንዲያበቃ እንደምንፈልግ መወሰን ነው። ይህ ለመጫወቻ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ያለው ፊውዝ ደካማ የሆነው ታስቦበት ነው፤ በሽቦ የሚያስረው ሰው ፊውዙን አጠነከረ፣ ቤቱን ደግሞ ለእሳት አሳልፎ ሰጠ። በእርሻ መሣሪያዎች ላይ ድንጋይ ሲገጥማቸው ተቆርጦ ማርሹን የሚያድን ፒን ይገጠማል። ትልልቆቹ ሞንስተር ትራኮችም ነጂው መቆጣጠር ባቃተው ጊዜ ከሜዳው ዳር ሆኖ ሞተሩን የሚያጠፋ የሬዲዮ መሣሪያ እንዲኖራቸው ይደረጋል። የእኛው ትንሽ መኪናም ተቀባዩ ምልክት ሲያጣ ሞተሩ እንዲቆም ተደርጎ ይስተካከላል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ፣ ነገሩ ሲበላሽ በምን መልክ ይበላሽ ብሎ አስቧል።

ይህ ጥያቄ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት መልስ የለውም። መለዋወጫ በሁለት ቀን ከቤቱ ደጃፍ የሚደርስለት ሰው የካምቢዮውን ቤት ቢሰብር ቅዳሜው ይበላሽበታል። እኛ ሴሚስተሩ ይበላሽብናል። ስለዚህ ከውጭ የመጣን የማሻሻያ ዝርዝር እንዳለ መገልበጥ አንችልም። በዝርዝሩ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ክንድ ያብረቀርቃል፤ ከተጣመመ ግን ተጣሞ ይቀራል፣ ባይጣመም ምቱን ወደ ሻንሲው ያስተላልፋል። የናይለኑ ክንድ ይለመጥና ይመለሳል። የትኛው ይሻላል የሚለው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ነገር በእጃችን አለ ወይ የሚል ጥያቄም ነው። በየመንደሩ ያሉ የጋራዥ ባለሙያዎቻችን ይህን ያውቃሉ። እኛ በወረቀት ላይ አላሰፈርነውም እንጂ በእጃቸው ሲሠሩበት ኖረዋል።

ለዚህ ሥራ ለምትመጡ ተማሪዎች ጥቂት ተግባራዊ ምክር ልስጥ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ባትሪ፣ ጎማና ጥርስ በአንድ ቀን የለወጠ ቡድን መኪናው ሲሞቅ የትኛው እንዳሞቀው ሊያውቅ አይችልም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ለአንድ ዓይነት ጊዜ ነድታችሁ የሞተሩን፣ የመቆጣጠሪያውንና የባትሪውን ሙቀት መዝግቡ። ትንሹና ትልቁ ጥርስ ሲገጣጠሙ በመካከላቸው የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር፤ ከጠበቀ ይሞቃል፣ ከላላ ይላጫል።

የሊትየም ፖሊመር ባትሪን በተመለከተ ግን ምክር ሳይሆን ትእዛዝ ነው። አንድ ሕዋስ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች እንዲወርድ አትፍቀዱ። ለዚህ ባትሪ በተሠራ፣ ሕዋሶቹን በሚያመጣጥን ቻርጀር ብቻ ሙሉት። ሲሞላ ጥላችሁት አትሂዱ። ያበጠ ባትሪ ከዚያ ወዲያ ባትሪ አይደለም፤ አውጡት። እዚህ ላይ ደካማ ቦታን መርጠን ጭነቱን የምናሳርፍበት ዕድል የለንም፤ ባትሪው የሚበላሽበት መልክ እሳት ነውና።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልመለስ። ሪፖርቱን ባነበብኩ ማግስት ወደ ሬጂስትራር ሄጄ ውጤቱን ለማስተካከል ጠየቅኩ። ተማሪው ከተመረቀ ዓመት አልፎ ስለ ነበር ደንቡ አይፈቅድም ተባልኩ። ደንቡ ትክክል ነው፤ መምህር ሐሳቡ በተለወጠ ቁጥር ውጤት የሚለወጥ ከሆነ ውጤት ትርጉም አይኖረውም። ስለዚህ ስልኩን ፈልጌ ደወልኩለት። በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ይሠራል። ማን እንደሆንኩ ነግሬው፣ ሪፖርቱን አሁን ገና እንዳነበብኩት፣ ትክክል የነበረው እርሱ እንደሆነና ይቅርታ እንደምጠይቀው ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። የሚቀየመኝ መስሎኝ ነበር፤ መብቱም ነበር። በመጨረሻ፣ «ዶክተር፣ ፍሪሲዮኑን አሁን ስንት ላይ አሰራችሁት?» ብሎ ጠየቀኝ።

እስከ መጨረሻው እንደታሰረ ነገርኩት። «አንድ ዙር ተኩል ያላሉት፤ ከዚያ በእጅዎ ጎማውን ይዘው ይሞክሩት፣ ድምፁን ይሰማሉ» አለኝ። በማግስቱ እንዳለው አደረግን። የፕላስቲኩን ጥርስ ከናይለን ቆርጠን መለስነው። መኪናው በዚያ ሳምንት አርባ ጊዜ ዘለለ። ጥርሱ አንድ ጊዜ ተቆረጠ፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ለወጥነው። የካምቢዮው ቤት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። አሁን በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ያው ቤት ነው።

በእኔ ኮርስ ላይም ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛ፣ በማንኛውም የንድፍ ሪፖርት ላይ ተማሪው መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ሥራ ሲበላሽ በቅድሚያ የሚሰበረው ምንድን ነው፣ ለምንስ እርሱን መረጥክ? ሁለተኛ፣ ለሚጽፉልኝ ሁሉ ቃል የገባሁት ነገር አለ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ሳላነብ ውጤት አልሰጥም። የመጀመሪያው ለተማሪዎቼ የሰጠሁት ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ለራሴ።

ያ ተማሪ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የለም። የሥራ ፈረቃው አልፈቀደለትም። ይህን ታሪክ እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን እንዳላነሣ ጠይቆኛል። ሠንጠረዡን ግን ከፈቃዱ ጋር በቤተ ሙከራው በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የፈለገ ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል። ከጥያቄና መልሱ በኋላ መኪናውን ወደ ግቢው እናወጣዋለን። መዝለያው ተዘጋጅቷል፣ ባትሪው ሞልቷል፣ ሁለት ትርፍ ጥርሶችም በኪሴ አሉ።